ልብና ሳንባ ጎረቤት ናቸው



ለመግሪብ ሶላት ከፈላና በር ወደ ፈረስ መጋላ ስወጣ መንገድ ላይ ሁለቴ እየቆምኩ ግድግዳ መደገፍ ከጀመርኩ ሰነባብቼ ነበር። ትንፋሽ ያጥረኛል። ሌሊት ጋደም ስል ያፍነኝና ተነስቼ እቀመጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ «ሳንባዬን ብርድ መትቶኝ ነው» የሚል ነበር። ልጄ በግድ ወስዶ ሲያስመረምረኝ ግን የደም ግፊቴ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ያፈነኝ ብርድ ሳይሆን የደከመው ልቤ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው ልብ ደሙን የሚገፋው በተወጠረ የደም ሥር ላይ ነው። ሸክም ሲበዛበት ጡንቻው መጀመሪያ ይወፍራል፣ ኋላ ይዝላል። ያን ጊዜ ከሳንባ የሚመጣውን ደም በወቅቱ ማሳለፍ ስለሚያቅተው ደሙ ይጠራቀምና ውሃው ወደ ሳንባ ይሰርጋል። ስንጋደም የሚብሰውም ለዚህ ነው። በተገላቢጦሹም ለዓመታት በጭስ የተጎዳ ሳንባ የልብን ቀኝ ክፍል ያደክማል፤ እግርም ያብጣል።

ደም ከልብ ቀኝ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ ግራ እንደሚሄድ ቀድሞ የጻፈው ሙስሊሙ ሐኪም ኢብኑ ነፊስ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1242 እ.ኤ.አ. በኢብኑ ሲና «ቃኑን» ላይ በጻፈው ማብራሪያ፣ በልብ ቀኝና ግራ መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ የለውም ብሎ የጋሌንን አባባል ሻረ። እንግሊዛዊው ሃርቬይ ስለ ደም ዝውውር መጽሐፉን ያወጣው በ1628 ነው። በዚህ መኩራታችን መልካም። ግን ኩራቱን የምናወራው ጋያ እየሳብን ከሆነስ?

የጫትን ሑክም ለዑለማዎች እተዋለሁ፤ የእኔ ነገር ስለ ደረቴ ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ሲጋራ ሲደረብበት ደግሞ የከሰሉ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ሰላሳ ዓመት እንዲህ በርጫ ተቀምጫለሁ። ያንን ጭስ ሳትወድ የተነፈሰችው፣ በማድቤቱም የእንጨት ጭስ የምትስለው ባለቤቴ ናት። የእሷን ሐቅ በምን እመልሳለሁ?

ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ የነበረውን ሶሃባ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነቱም በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል። ዒባዳ እንኳ በአካል ሐቅ ከተገደበ፣ በርጫችን በምን ሒሳብ ያለ ገደብ ይቀራል?

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ክኒኑን ሁለት ወር ውጬ «ድኛለሁ» ብዬ ተውኩት። ማፈኑ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ደም ብዛት ሳያም የሚኖር በሽታ ነው፤ ሕመሙ ጠፋ ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት አይደለም። አንድ ወንድም በመስጂድ በር ላይ «ተወኩልህ የት ሄደ?» አለኝ። ግመሉን ሳያስር ተመካሁ የሚለውን ሰው ምን እንደተባለ እሱም ያውቀዋል። በረመዳን የክኒኑን ሰዓት በራሳችሁ አትለውጡ፤ ወሩ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ዕድሜያችሁ አርባን ያለፈ ሳያማችሁም ተለኩ። ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ጀምሩ፤ ጨውም ቀንሱ። እኔ ጋያውን ለማንም ሳልሰጥ ሰብሬ ጣልኩት። አሁንም ከፈላና በር ስወጣ እቆማለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።