የታሸገው ጥቅል

ወዳጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረውን የፊፋ ጌም፣ ስሙ ኤፍሲ ከሆነ በኋላም፣ እኔም እንዳንተ እወደዋለሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የተሸነፈው ተነሥቶ ለባለተራ ሲለቅ፣ መሸነፉ እንኳ ያስቃል። «አልቲሜት ቲም» ላይ ግን ልቤ ለሁለት ይከፈላል። እዚያ በገንዘብ የታሸገ ጥቅል ይሸጣል፤ ኮከብ ይሁን ተራ ተጫዋች፣ በአብዛኛው የምታየው ከከፈልህ በኋላ ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ቁማር አለው፤ በ2019 እዚያ ቆመ። «የወጣልህን ተጫዋች በብር አትሸጠው፤ ምኑ ቁማር ነው?» የሚሉ አሉ። ይህ ነገሩን የሚያቀልለው አይመስለኝም፤ ቁማርተኛስ ቢያንስ ብር ይዞ ሊወጣ ይችላል። የተመኘኸው ተጫዋች ወጥቶልህ፣ ገና አንድ ጨዋታ ሳታጫውተው ሌላ ጥቅል ካማረህ፣ የገዛኸው ምን ነበር?