ጉድጓዱስ የት አለ?

የሰው ልጅ ከራሱ በላይ የገዘፈ ነገር ሲገጥመው ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ያንን ነገር ማሳነስ ነው። ተራራውን በካርታ፣ ንጉሡን በሳንቲም፣ ከተማውን በፖስታ ካርድ ላይ ያሳንሰዋል። ካሳነሰው በኋላ በእጁ ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ አይፈራውም። ስለዚህ ማሳነስ ከጥንት ጀምሮ የፍርሃትም የፍቅርም ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ የሚመነጨው ብዙዎቻችን ከቁም ነገር ከማንቆጥረው የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የግዙፍ ማዕድን ማውጫ መሣሪያዎችን ትንንሽ ሞዴሎች የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሌላው ቴምብር ወይም አሮጌ ሳንቲም እንደሚሰበስብ እነዚህም ዶዘሩን፣ ገልባጩን፣ መቆፈሪያውን እየገዙ በመስተዋት ሣጥን ይደረድራሉ። ነገሩን “የትልቅ ሰው ልጅነት ነው” ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ማለፍ አልፈለግሁም። ምክንያቱም ከሥሩ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ተኝቷል። የአንድን ነገር መልክ እየወደዱ ሥራውን አለማየት ይቻላልን? ቢቻልስ፣ እንዲህ ያለው ፍቅር ንጹሕ ነውን?

በመጀመሪያ ለሰብሳቢዎቹ የሚገባቸውን እንስጥ። የሚሰበስቡት ተራ የልጆች መጫወቻ አይደለም። በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ አካባቢ የሚገኙት ኮንራድና ኤን.ዜድ.ጂ. የተባሉት ኩባንያዎች እነዚህን ሞዴሎች ከብረት እያቀለጡ ለአሥርት ዓመታት ሲያወጡ ኖረዋል። በጣም የተለመደው ልኬት 1፡50 ነው፤ እውነተኛው መሣሪያ 50 ሜትር ከሆነ ሞዴሉ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ካተርፒላር 797ኤፍ የተባለውን ገልባጭ እንውሰድ። ይህ መኪና በአንድ ጊዜ 363 ቶን ይጭናል። የአንዱ ጎማ ቁመት ወደ 4 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቢቆም እንኳ አናቱ ከጎማው ጫፍ አይደርስም። ርዝመቱ ደግሞ 15 ሜትር ያህል ነው። በ1፡50 ሲሠራ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ይሆንና ከመጻሕፍት ጎን ይቀመጣል። መሰላሉ፣ የእጅ መደገፊያው፣ የዘይት ቱቦው ሳይቀር በየቦታው አለ። ጎማው ይዞራል፤ የጭነት ሣጥኑ ይነሣል። አንዲት ብሎን ቦታዋን ብትስት ሰብሳቢው ያውቃል፤ ያዝናልም። አንዳንዶቹ እንዲያውም አዲሱን ሞዴል ሠርቶ የደከመ እንዲመስል ጭቃና ዝገት በቀለም ይቀቡታል።

ይህ ጥንቃቄ የሚናቅ አይደለም። ፕላቶ “ሪፐብሊክ” በተባለው መጽሐፉ አሥረኛ ክፍል ሠዓሊውን የሚወቅሰው አናጢው የሠራውን አልጋ በአንድ ወገን የሚታየውን መልክ ብቻ ይቀዳል በማለት ነው። ሞዴል ሠሪው ግን ከዚህ ወቀሳ በከፊል ያመልጣል። እርሱ መሣሪያውን ከፊትም ከኋላም፣ ከላይም ከታችም ለክቶታል። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ጉዳይ ጥሩ ነገር ተናግሯል። እንደ እርሱ አባባል ትልቅን ነገር የምናውቀው ከክፍሎቹ ተነሥተን ወደ ሙሉው እየሄድን ነው፤ ሲያንስ ግን ሙሉው ከክፍሎቹ ቀድሞ ይታየናል። አእምሮ የሚደሰተውም በዚህ ነው። በእርግጥም ከግዙፉ ገልባጭ ሥር የቆመ ሰው የሚያየው ጎማውን ብቻ ነው። ገልባጩን ሙሉ አድርጎ የሚያየው ሞዴሉን የያዘው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ልኬት ማለት ሁሉንም ነገር በእኩል ማሳነስ ነው። ለመሆኑ ሁሉም ነገር በእኩል አንሷልን?

ሞዴል ወዳዶች ሁሉ የሚያውቁት አንድ መሣሪያ አለ፤ ባገር 288 ይባላል። ክሩፕ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ጨረሰውና በምዕራብ ጀርመን ሐምባህ በተባለው የቡናማ ከሰል ማውጫ ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 220 ሜትር፣ ቁመቱ 96 ሜትር፣ ክብደቱ 13,500 ቶን ነው። ፊቱ ላይ በባልዲዎች የተከበበ መንኮራኩር አለው፤ የመንኮራኩሩ ቁመት ብቻ ከ21 ሜትር ይበልጣል። ይህ መንኮራኩር እየዞረ ከከሰሉ በላይ ያለውን አፈር በቀን እስከ 240,000 ሜትር ኩብ ያነሣል። በ2001 እ.ኤ.አ. በሐምባህ ሥራው ሲያበቃ 22 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጋርዝቫይለር ማውጫ በራሱ ሰንሰለት ተጓዘ። ጉዞው 3 ሳምንት ፈጀ። አውራ ጎዳና፣ የባቡር ሐዲድና ኤርፍት የተባለውን ወንዝ ተሻገረ። የሚረግጠው መሬት እንዳይጎዳ በአንዳንድ ስፍራ አስቀድሞ ሣር ተዘርቶለት ነበር። እኛ ለክቡር እንግዳ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው መሆኑ ነው!

እስቲ ይህን መሣሪያ በ1፡50 እናሳንሰው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ ከረጅም ሰው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ክብደቱም ሁሉ ነገሩ በእውነተኛው ልክ ቢሠራ 108 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍና ትንሽ ጭማሪ ማለት ነው። ሳሎኑ ሰፊ የሆነ ሰው ግድግዳውን አስጠግቶ ሊያቆመው ይችላል።

አሁን ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር የቆፈረውን ጉድጓድ በዚያው ልኬት እናሳንስ። የሐምባህ ማውጫ ስፋት ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል። በ1፡50 ሲሰላ ከሁለት የኳስ ሜዳ የሰፋ፣ 8 ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ገደል ይሆናል። መሣሪያው ሳሎን ሲገባ ጉድጓዱ ሳሎኑን ራሱን፣ ግቢውንና የጎረቤቶቹን ሁሉ ግቢ ይውጣል። ሞዴሉ ታማኝ ነው ስንል እንግዲህ ለብሎኑ ታማኝ ነው ማለታችን ነው። ከመሣሪያው ሥራ ውስጥ ትልቁን ነገር፣ ጉድጓዱን፣ ትቶታል።

የቀረው ጉድጓዱ ብቻ አይደለም። በጋርዝቫይለር ማውጫ መንገድ ላይ ኢመራት የምትባል መንደር ነበረች። ሁለት ግንብ ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበራት። ነዋሪዎቹ የመንደራቸውን ስም ይዘው ሌላ ቦታ ወደተሠራላቸው አዲስ መንደር ሄዱ። የሙታኑም አጽም ፈለሰ። ፍልሰተ አጽም በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያኑ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ያፈረሱትም መቆፈሪያዎች ነበሩ። የእነርሱ ዓይነት መቆፈሪያ በ1፡50 ተሠርቶ በየመደርደሪያው ይገኛል፤ መንደሯ ግን የለችም።

እንዲህ ስል ሰብሳቢውን ለመክሰስ የተነሣሁ እንዳይመስል፣ በእርሱ በኩል የሚቀርበውን ክርክርም እንስማ። ክርክሩ ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት “ቢግ መስኪ” የተባለ መቆፈሪያ ነበር። ቡሳይረስ-ኢሪ የተባለው ኩባንያ የሠራውና በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ መሣሪያ ባልዲውን በወፍራም ሽቦ ገመድ እየጎተተ የሚቆፍር ሲሆን፣ የባልዲው ይዘት 168 ሜትር ኩብ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ያስገባል ይባልለት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ ከ460 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈር አነሣ። ከዚያም በ1999 እ.ኤ.አ. ተቆራርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የቀረው ባልዲው ብቻ ነው፤ ለማዕድን ሠራተኞች መታሰቢያ በተከለለ ስፍራ ተቀምጧል። ታዲያ ያንን የመሰለ የሰው ጥበብ ዛሬ ሙሉ አካሉን ይዞ የሚታየው የት ነው? በፎቶግራፍና በሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ። ብረቱን የነደፈው መሐንዲስ፣ የበየደው ሠራተኛ፣ ሌሊት በፈረቃ ያንቀሳቀሰው ኦፕሬተር፣ የሁሉም ድካም የሚታወሰው በዚያች ሞዴል ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን ስለ መጻሕፍት መሰብሰብ በ1931 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጣጥፍ እንዳመለከተው፣ እውነተኛ ሰብሳቢ የዕቃውን ዕጣ ፈንታ ይወዳል እንጂ ጥቅሙን አይቆጥርም። ክርክሩ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ መቆፈሪያ ዕጣ ፈንታ ምንድን ነው? ከቆፈረው መሬት ተለይቶ ይነገራልን? በዚያው አካባቢ ከሰል ወጥቶበት መልሶ በለማ መሬት ላይ ዛሬ አውራሪስና ቀጭኔ የሚጠበቁበት ሰፊ የዱር እንስሳት ማዕከል አለ። ይህም የዚያ ታሪክ ክፍል ነው። ዕጣ ፈንታን እወዳለሁ የሚል ሰው ጥፋቱንም ጥገናውንም ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ በአገራችን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሌላ ዓይነት ሞዴል ትዝ ይለኛል። ልጆች ከሽቦና ከሰርዲን ቆርቆሮ የሚሠሩት፣ ጎማው ቆርኪ የሆነ ገልባጭ ነው። በልኬት ካየነው አሳፋሪ ነው። ጎማው ከጭነቱ አይመጣጠንም፤ በሩም መሪውም በሐሳብ እንጂ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ልጁ ይህን መኪና መስተዋት ውስጥ አያስቀምጠውም። ግቢ ያወጣዋል፤ በቆርቆሮ ቁራጭ ይቆፍራል፤ አፈሩን ይጭናል፤ ወስዶ ይደፋል። ማታ እናቱ ስትወጣ እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና “ይህን ማን ቆፈረው?” ትላለች። ልጁም መልሶ ይደፍናል። የልጁ ሞዴል ብሎን ይጎድለዋል እንጂ ጉድጓድ አይጎድለውም። ጉድጓዱን የሚጠይቅ ሰውም አለው።

“እኛስ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞዴል አንሰበስብም፤ ግን ወርቅ እናስራለን። በጉጂ ለገ ደንቢ ወርቁ የሚወጣበት ግልጽ ጉድጓድ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ነዋሪዎች ጤናችን ተጎዳ ብለው ተቃውሞ ሲያሰሙ የማውጫው ፈቃድ ለጊዜው ታግዶ ነበር። ጣታችን ላይ ያለውን ቀለበት ስናይ ስንቶቻችን ያንን አስበናል? በእኛ ቀለበት ላይ ጉድጓዱ ቀርቶ መቆፈሪያው እንኳ አይታይም። ሰብሳቢው ቢያንስ መሣሪያውን ከዓይኑ አልሰወረም። ስለዚህ ከእኛ ይልቅ እርሱ ለእውነቱ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ጥያቄው ሁለተኛውን እርምጃ ይራመድ እንደሆነ ነው።

አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ። ከዚህ ተነሥቼ ሞዴሉን ጣሉት አልልም፤ ውበትን መውደድ ወንጀል አይደለም። ሰብሳቢዎች ከሞዴሉ ሥር ትንሽ ካርድ የማስቀመጥ ልማድ አላቸው፤ ስሙን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ክብደቱን ይጽፉባታል። በዚያች ካርድ ላይ አንድ መስመር ትጨመር። የት እንደቆፈረ፣ ከዚያ በፊት በስፍራው ምን እንደነበረ፣ ዛሬስ ምን እንዳለ። መንደር ከነበረ የመንደሩ ስም ይጻፍ። ሣር በቅሎበት እንደሆነም ይጻፍ። ለዚህች መስመር ቦታ የሚጠብ መደርደሪያ የለም። ያለ እርሷ ግን ሞዴሉ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ጎዶሎ ነው፤ የጎደለውም ብሎን አይደለም።