ግማሽ ቀፎ

በደጋ አገር አንድ የተፈራ ጌታ ነበር። ዛፉ የእሱ፣ በዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም የእሱ። አናቢዎቹ ቀርከሃ ሰንጥቀው ይጎነጉናሉ፣ በእበትና በአመድ ይመርጋሉ፣ ውስጡን በወይራ ጭስ ያጥናሉ፤ መስከረም ሲጠባ ገመድ ታጥቀው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ኅዳር ላይ ማሩ ሲቆረጥ ግማሹ ወደ ጌታው ጓዳ ይገባል። ክፉ ዓመት ሲሆን ከግማሽም ያልፋል። ንብ የሚነድፈው አናቢውን፣ ጠጅ የሚጣለው ጌታው ቤት።

አንድ ቀን ጌታው ተሻረ። አዲሱ ሹም ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ቀፎ ላናቢው!» ሲል አወጀ። እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ያን ቀን ያልጨፈረ ቢኖር የተሻረው ጌታና ጭፍሮቹ ናቸው። ነገሩም እውነት ነበር፤ የዚያን ኅዳር ልጆች ማር ከነሰፈፉ አኘኩ፣ እናቶች ለጥምቀት ጠጅ ጣሉ፣ ግማሹን ሊጭን የመጣ አጋሰስ ደጅ ላይ አልቆመም።

በዚያ አገር በንብ እጃቸው የታወቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የካቲት ላይ አበባ ሲጠፋ በሶ በማር ውኃ በጥብጠው ከቀፎው አፍ ሥር በገል ያኖራሉ። ጉንዳን እንዳይወጣ ግንዱ ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ። ማር ሲቆርጡም ከኋላ ያለውን የማር እንጀራ ሳይነኩ ይተዉታል። ልጃቸው «አባዬ፣ ይኼስ ለማን ነው?» ሲላቸው «ለባለቤቶቹ» ይሉታል። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚገኘው በዓመቱ ነው፤ በዓመቱም ቀፎው የእሳቸው እንደሚሆን አይጠራጠሩም።

ሹሙ ግን ብዙ ሠራዊት ነበረው፣ ሠራዊቱም ማር ይወዳል። «ማሩን የምታስረክቡት ለእኔ ዕቃ ቤት ነው፤ ዋጋውንም እኔ እቆርጣለሁ» አለ። በየቀፎው ኮታ ተጣለ። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ኮታው ያልሞላለት ሰው ፍየሉን ሸጦ ከገበያ ማር በውድ ይገዛና ለሹሙ በርካሽ ያስረክባል። ቀጥሎ ደግሞ «ቀፎዎቻችሁ ተበታትነው ለቁጥጥር አይመቹም» ተባለና ከየጓሮውና ከየገደሉ አፋፍ ተለቅመው አንድ ሜዳ ላይ ተደረደሩ። ጸሐፊው በአንድ ጠዋት ቆጥሮ ጨረሰ። ንቡ የሜዳውን አበባ አሟጦ እርስ በርሱ መዘራረፍ ጀመረ።

ዓመታት አለፉ። በዋርካው ቀን በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የነበሩ ሕፃናት ጎረመሱና ሹሙ ደጅ ቆመው «እኛስ? ቀፎ ላናቢው ብለው አልነበር?» አሉ። ጥያቄያቸው ቅን ነው፤ መልስም ይገባዋል። አዲስ ቀፎ ለመጎንጎን ቀርከሃ መትከል፣ ዛፍ ማብዛት፣ አንዳንዱንም ልጅ ሌላ ሙያ ማስተማር ያስፈልግ ነበር። ሹሙ አጭሩን መንገድ መረጠ፦ «ያለው ቀፎ ይከፈል።»

ጸሐፊው ቢላዋና መዝገብ ይዞ ሽማግሌው ደጅ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ አውራዋ አንድ ናት» አሉት። «በየትኛው ግማሽ ትግባ?»

«እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ አባት።»

«ግማሽ ቀፎ ንብ ብርዱንም አይችል። አውራ ያጣው ወገን ሌላ አውራ እስኪያሳድግ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጭም ይፈልጋል። አሁን ደግሞ ጥር ነው።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። «እርስዎ በድሮው ጌታ ጊዜ ማር ቆጣሪ አልነበሩም?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። የቆጠሩት አንድ ዓመት ነው፣ ያውም ተገደው። ከግማሹም ግማሽ ተረፈላቸው።

በዚያ የካቲት በሶ አልተበጠበጠም፣ አመድም አልተነሰነሰም። ማር ሲቆርጡም እስከ መጨረሻው እንጀራ ድረስ ቆረጡ። ልጃቸው «ለባለቤቶቹስ?» ቢላቸው «ባለቤቱን ማን አውቆት» አሉት።

ንቡ እየኮበለለ ሲያልቅ ሹሙ አዋቂ አስጠራ። አዋቂው ባዶ ቀፎዎቹን ዞሮ አየና «የግንዛቤ እጥረት ነው» አለ። ሥልጠና ተሰጠ። ዘመናዊ ቀፎ በብድር ታደለ፤ ብድሩም የሚሰበሰበው ማር በሚረክስበት በኅዳር ሆነ። በመጨረሻ ለየባለ ቀፎው ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ። ቀፎው የአንተ ነው ይላል፤ አትሸጠውም ይላል፤ ሹሙ ሲፈልገው ይወስደዋል ይላል። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የሚቀጥለው ክፍፍል መቼ ነው?»

አንባቢ አገሩን አውቆታል። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበት ጥያቄ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ይህን ማሳነስ ግፍ ነው፤ በደቡብ ከምርቱ ሲሶውን፣ ሲብስም እኩሌታውን ይሰፍር የነበረ ገበሬ ያን ቀን ቀና ብሎ ሄዷል። ጥፋቱ በመስጠቱ አይደለም፤ የሰጠው እጅ ሳይለቅ መቅረቱ ላይ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጣለ፤ ኮታ ለመሙላት ከገበያ እህል የገዛ ገበሬም ተረት አይደለም። በመንደር ምሥረታ እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቶ በመስመር እንዲሰፍር ተደረገ። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው የአፈጻጸም መመሪያ አልጠበቀም፤ በጋራ ያርስባቸው የነበሩትን የአምራች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ አፍርሶ፣ በሬውን ነድቶ ወደ ድሮ ጓሮው ተመለሰ። በዚያ ዘመን ከዚህ የጠራ ሕዝበ ውሳኔ መደረጉን እኔ አላውቅም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የ1989ኙ የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ነው። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራርነት የሠሩት «ቢሮክራት»፣ የድሮ ባላባት ወገኖች «ፊውዳል» ተብለው ይዞታቸው ከአራት ጥማድ፣ ከአንድ ሄክታር ገደማ ማለት ነው፣ እንዳይበልጥ ተደረገ። መሬቱን ያገኘው ወጣት መሬት ያስፈልገው ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ሽግሽጉ የነካው የተነጠቀውን ሰው ብቻ አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየው ጎረቤትም ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ከመካቡ በፊት «ለማን?» ብሎ እንዲያስብ ተማረ። ከዚያ በኋላ የልማት ሠራተኛ ስለ አፈር ጥበቃ የሰጠው ትምህርት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የተዘራ ነው።

በኋላ የመጣው የይዞታ ደብተር ረድቷል። ትግራይ ከ1990 ዓ.ም.፣ አማራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጡ፣ በአማራ ክልል የባልም የሚስትም ፎቶ ያለበት አረንጓዴ ደብተር ሲታደል፣ አጥኚዎች እርከኑ ይበልጥ መጠገኑን፣ ሴቶችም ያለ ስጋት መሬት ማከራየታቸውን አይተዋል። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው ማዳበሪያም ምርጥ ዘርም አይደለም፤ ማሳው ከርሞም የእኔ ነው ማለት መቻል ነው። ታዲያ ለምን በዚያ ቆመ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው በድርቅ ዓመት ማሳውን በጥቂት ኩንታል እህል ለባለ ገንዘብ እንዳይለቅ የሚለውን ስጋት አላጣጥለውም፤ በከፋ ቀን ሰው ያለውን ሁሉ ይሸጣል። ነገር ግን ገበሬው እንዳይሸጥ የከለከለው ሥርዓት መንግሥት እንዳይወስድ አልከለከለም። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሠረት ከተማ ዳር ያለ ገበሬ ማሳውን ሲለቅ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። ቦታው ተሸንሽኖ በሊዝ ሲወጣ የሚያስገኘው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይተያይም፤ ለገበሬውም አይደርስም። ስሌቱ በ2011ዱ አዋጅ ተሻሽሏል። የሚወስነው ወገን አልተለወጠም።

ወጣቶቹ አሁንም ቀበሌው ደጅ ናቸው። ደብተሩ ሲታደል ያልተወለዱት ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሰዋል፤ የወላጆቻቸው ማሳ በአማካይ አንድ ሄክታር ገደማ ነው፣ ለሦስት ልጅ ቢከፈል ጥንድ በሬ አዙሮ ለማረስ ይጠብባል። ያው አንቀጽ 40 በንዑስ አንቀጽ 4 ለኢትዮጵያ ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘት መብት ይሰጣል። ሽግሽግ እንደገና ቢጀመር ወላጆቻቸው እርከን መጠገኑን ይተዋሉ። ካልተጀመረ እነሱ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ወይም ወደ ዐረብ አገር፤ እዚያ ምን ሥራ እንደሚጠብቃቸው ደግሞ በየትኛውም የገጠር ልማት ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ አላየሁም።