ኩባንያ የት ይኖራል?

ቦንጋ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ ብዕሬን የሚይዝብኝ አንድ መስመር አለ፤ የተከሳሽ አድራሻ። ተከሳሹ ሰው ከሆነ ችግር የለም። ኩባንያ ሲሆን «አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ የቤት ቁጥር አዲስ» ብዬ እጽፍና ይሄ ፍጡር በእውነት የት ነው ያለው እላለሁ። ሥጋ የለው፣ ነፍስ የለው፣ ንስሐ አይገባ፤ ማኅተም ግን አለው።

አንድ ማር አቅራቢ ሽማግሌ ገንዘባቸው ቢቀርባቸው ወደ እኔ መጡ። ማሩ የተመዘነው እዚሁ፣ ደረሰኙ የተጻፈውም እዚሁ ነው። የኩባንያው ሰው ግን በስልክ «መክሰስ ከፈለጉ አዲስ አበባ ይምጡ» ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ማሩን ሲወስድ ቦንጋ ነበር፤ ሲጠየቅ እንዴት አዲስ አበባ ይሆናል?» አሉኝ። ከጠበቃ አፍ እንኳ ከዚህ የተሻለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

ሕጋችንም ከሳቸው አይርቅም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ተከራካሪዎቹ የተለያየ ክልል ነዋሪዎች ከሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ ሰጥቷል። ስለዚህ የዞናችን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጠዋት በክልሉ፣ ከሰዓት በፌዴራሉ ሥልጣን ሊያስችል ይችላል፤ ወንበሩ ያው ነው።

አሜሪካኖችም በ1945 እ.ኤ.አ. በዚሁ ተሟግተዋል። የሴንት ሉዊሱ ኢንተርናሽናል ሹ ኩባንያ በዋሽንግተን ስቴት ቢሮ ስለሌለኝ እዚያ አልከሰስም አለ። ሻጮቹ ግን እዚያው ይኖሩ ነበር፤ ለናሙና የሚሰጣቸውም ከጥንድ ጫማ አንዱን ብቻ ነው። (አንድ እግሬን ብቻ ነው ያስገባሁት ለማለት ሳይሆን አይቀርም!) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ በዚያ ስቴት ሕግ ተጠልሎ ከነገደ እዚያው ይጠየቅ አለ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ተገላቢጦሹ ነው። የሽማግሌው ልጅ በቴሌግራም ትእዛዝ እየተቀበለ በጄሪካን ማር ወደ ጎንደር ይልካል። ተበላሸ ቢባል ረግጧት ወደማያውቃት ከተማ ይጎተት? ኩባንያው ሚዛን ሰቅሎ፣ ሰው ቀጥሮ፣ ፈቅዶ መጥቷል፤ ልጁ የጠሩት ጋ ላከ እንጂ ገበያ አልዘረጋም። ከስንተኛው ጄሪካን ጀምሮ ጎንደር ገባ እንደሚባል ግን የትኛውም ሕግ አልቆጠረም።

ይህንኑ ለሽማግሌው አነሳሁላቸው። ማመልከቻውን እየፈረሙ፣ «ብሩን ከጎንደር ከተቀበለ ይሂዳ!» አሉኝ።