«ሪግሬት» ብዬ ያመለጥኩት

ከሦስት ዓመት በፊት የአንዲት ጓደኛዬን ምስጢር አወጣሁ። ወሬው ዞሮ ዞሮ እሷው ጋ ደረሰ። ማታ ስልኬን አንስቼ ይቅርታ ጻፍኩላት፣ በእንግሊዝኛ። ሁለታችንም አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን ምን አመጣው? «አይ ሪግሬት ዋት ሃፕንድ» ነበር ያልኳት። በሆነው ነገር አዝናለሁ እንደማለት።

ቃሉን ልብ ብዬ ያየሁት ቆይቼ ነው። ሪግሬት፣ ሪሞርስ፣ ጊልት፣ ሼም መዝገበ ቃላት ላይ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። (ሼምን እንኳ እኛም ወስደነዋል፤ «ሼም ነው» የማይል የአዲስ አበባ ልጅ አለ እንዴ?) ሪግሬት ግን በጣም ሰፊ ቤት ነው። በረራ ሲሰረዝ አየር መንገዱ ይለዋል፣ የሥራ ማመልከቻችሁን ያልተቀበለ መሥሪያ ቤት ይለዋል። ዝናብ ሰርግ ቢያበላሽም ይባላል። ሪሞርስ ግን ጥርስ አለው፤ የመጣበት የላቲን ቃል ራሱ «ደግሞ መንከስ» ማለት ነው። በዝናብ ምክንያት ሪሞርስ የሚሰማው ሰው የለም፤ የራስ እጅ ሊኖርበት ግድ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያነሳል። ሹፌሩ ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን ገጨ። «አንተ ምን ታደርግ» ብለን እናጽናናዋለን፣ ደግሞም እውነት ነው። ግን ወዲያው «አዎ፣ ልክ ናችሁ» ብሎ ዘና ቢልስ? ቅር ይለናል። ቆሞ ያየው ሰው የሚሰማው ሐዘንና የእሱ ሐዘን አንድ ሊሆን አይችልም። ሪሞርስም አይባልም፣ አላጠፋማ። ዊሊያምስ ይህንን «ኤጀንት ሪግሬት» አለው፤ የአድራጊው ሐዘን ልንለው እንችላለን።

እንግዲህ ያ ሹፌር ምንም ሳያጠፋ የተመልካች ቦታ ላይ መቆም አልቻለም። እኔ አጥፍቼ ሄጄ ቆምኩበት።

በእንግሊዝኛ ማመካኘት አልፈልግም። አማርኛም ለሚሸሽ ሰው በር አያጣም። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር «ተሰበረ» እንጂ «ሰበርኩት» መች እንል ነበር? የእኔም መልእክት ያው «ተሰበረ» ነው፣ ትልቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ብቻ።

መልሷ አንድ መስመር ነበር፣ በአማርኛ፦ «ምን ሆነ? ማን አደረገው?»

«ምስጢርሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ» የሚል መልእክት ጽፌ አስቀምጫለሁ። እስካሁን አልላክሁትም።