ለማን ታማኝ?

«አማኝ» እና «ታማኝ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አማኝ እምነቱን የሚሰጥ ነው፤ ታማኝ ግን የሌላውን እምነት የተቀበለ። ስለዚህ ታማኝነት ማንም ሰው ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ ሊያወጣው የማይችል ስም ነው።

በዕለት ንግግራችን ቃሉ ሁለት መልክ አለው። ባለሱቁ በስሕተት አትርፎ የሰጠውን መልስ ተመልሶ ላስረከበው ደንበኛ «ታማኝ ሰው ነው» ሲል ይመሰክርለታል፤ ለማን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እገሌ «ለጌታው ታማኝ ነው» ሲባል ግን በዚያች በአንዲት «ለ» በኩል ጌታ ይገባል፤ ጌታውንም ተከትለው ፍርሃት፣ ጉርሻና ሹመት ይገባሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ አብርሃ ደቦጭ ነበር፤ ሌላው ሞገስ አስገዶም ነው። አብርሃ በኢጣልያኖች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ደመወዛቸውን በልቷል፤ አምነውትም ነበር። በሎሌነት ሚዛን ከተመዘነ ከዳተኛ ነው። በአንጻሩ ከወራሪው ጎን ተሰልፎ ደመወዙን ያልካደውን ያገር ልጅ ሕዝቡ «ባንዳ» አለው። ቃሉ በኢጣልያንኛ የጭፍራ መጠሪያ እንጂ ስድብ አልነበረም፤ በእኛ አፍ ግን የክህደት ስም ሆኖ ቀረ። ፍርድ ቤት ሳይሰየም፣ ዳኛም ሳይቀመጥ ቋንቋው ራሱ ፈረደ።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ በዚህ አይቋጭም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ስለ ቦምቡ የሚያውቀው አልነበረም። የደሙ ዕዳ በጨፍጫፊው ላይ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ላገሩ የታመነ ሰው ለጎረቤቱ ነፍስስ እንዴት ይታመናል? ይህን ጥያቄ በመድረክ ላይ ለማቆም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ።

ምናልባት ብዕሬን የያዘው ሌላ ነገር ይሆናል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ ባላጠፋው ጥፋት ሲከሰስ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። አለቃዬም ቢሮው ጠርቶ «ታማኝነትህን አይተናል» አለኝ፤ ብዙ ሳይቆይ ደመወዜ ተጨመረ። ባልደረባዬ ከሥራው ተሰናበተ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ስለ ልጆቼም ይጠይቀኛል። ያን ነገር አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁትም።