የስፖርት መምህሩ ጃኬት

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ እንበል። ሌቦች ሌሊት አጥር ዘለው ኮምፒውተር ወሰዱና ወላጅ ሁሉ ተሸበረ። በስብሰባው ላይ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ አንድ አባት ተነሣ፦ «በ2018 እ.ኤ.አ. ፓርክላንድ በሚባል ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ 17 ሰው ሲገደል፣ ፍሎሪዳ ፈቃደኛ የትምህርት ቤት ሠራተኞችን አሠልጥና አስታጠቀች። የስፖርት መምህራችን የቀድሞ ወታደር ነው። እኛስ ምን እንጠብቃለን?» አንዲት እናት የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ 1177/2012ን፣ ብታነሣ ሰሚ አላገኘችም። መምህሩ በጃኬቱ ሥር ሽጉጥ ታጥቆ እንዲውል ተስማሙ።

መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አልመዘዘውም። ግን ጠዋት በር ላይ ሮጠው ወገቡን ያቅፉት የነበሩትን ሕፃናት በክንዱ ይመልሳቸው ጀመር። በጠራራ ፀሐይ ጃኬቱን አያወልቅም። ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሲደባደቡ እንደ ወትሮው መሃል አልገባም። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ በግርግሩ እንዳይነጠቅ ሽጉጡን ያዘ። በዚያ መሃል አንደኛው ልጅ በድንጋይ ተፈነከተ። ልብ በሉ፣ መምህሩ ያደረገው በደንብ የሠለጠነ ሰው የሚያደርገውን ነው።

ምስጢሩም አልቆየም። የሦስተኛ ክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት ጎናቸውን በክንዳቸው እየሸፈኑ «ቲቸር፣ ቲቸር» ይጫወቱ ነበር።

ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ዘበኛው ጡረታ የወጡ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ናቸው፤ ይናገሩ ተባለ።

«እዚሁ ኮልፌ፣ በእኛ ካምፕ፣ ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ሠልጥኗል። ሲሄድ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። አገሩ ገብቶ ሊሊስሊፍ እርሻ ቀበራት። ኋላ ቢፈለግ፣ ቢቆፈር፣ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። እሱን የሚያህል ሰው የደበቃትን ካጣ፣ ይሄ ልጅ በዚህ ሁሉ ሕፃን መሃል እንዴት አድርጎ ይጠብቃት? ደግሞ ሌባው የመጣው ሌሊት ነው። ሌሊት ያለሁት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አጥሩም የቆርቆሮ ነው።»

መምህሩ ተነሣ። «ጋሼ እውነታቸውን ነው። ልጆቹን ማየት ትቼ ሽጉጡን ስጠብቅ ነው የምውለው። ከነገ ጀምሮ አልይዝም» አለ።

ከዚያ በኋላ የተወራው ስለ ብሎኬት ዋጋና ስለ ሁለተኛ የሌሊት ዘበኛ ደመወዝ ነበር። ከአሜሪካ የተመለሰው አባት ለአጥሩ ሲሚንቶውን እኔ እችላለሁ ብሎ አስመዘገበ።